በኢየሩሳሌም ከተማ ስለሚገኝ ቡናና ስለ አገር ቤት ስንቅ

ከአገሩ ርቆ የሚቀመጥ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚያየው ሁሉ አዲስ ነውና ዓይኑ ሲጠግብ ሆዱን ይረሳዋል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዓይኑ ይደክማል፤ ሆዱም መናገር ይጀምራል። ያን ጊዜ ባለ ማዕርግም ቢሆን ተራ ሰው፥ ካህንም ቢሆን ወታደር፥ የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም «በዚህ አገር ደኅና ቡና ከወዴት ይገኛል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ እንደ ትንሽ ነገር ቈጥረው የሚንቁት ሰዎች አሉ። እኛ ግን እንደ ተመለከትነው፥ በባዕድ አገር እንግዳን ማስተናገድ፥ ጾምን እንደ ሥርዓቱ መጾም፥ የሞተውንም ዘመድ ማሰብ የሚቻለው የሚቈላውና የሚጋገረው ነገር በእጅ ሲኖር ነው። ስለዚህ ነገሩ የሆድ ብቻ አይደለም፤ የቤት ሥርዓት ነው።

እኛ በ2011 ዓ.ም. ከዐቢይ ጾም መግቢያ ከየካቲት 25 ቀን ጀምሮ ፋሲካ እስካለፈ ድረስ በኢየሩሳሌም ከተማ ተቀምጠን ነበር። ወደዚያች ቅድስት ከተማ ከአገራችን የሚሄዱት ተሳላሚዎች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቋንቋውን አያውቁም፤ ጾሙንም መግደፍ አይፈቅዱም። በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የተሳላሚው ቍጥር እጅግ ያነሰ ቢሆንም፥ መንገዱ ሲቃና የሚሄደው ሰው እንዲጠቀምበት፥ በአገር ተቀምጦ ለዘመዱ ስንቅ የሚያሰናዳው ቤተ ሰብም እንዲያውቀው፥ ያየነውን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ልንጽፈው ወደድን።

የኢየሩሳሌም ከተማ እንደ ሁለት ከተማ ሆና ትታያለች። አንዲቱ በቅጥር የተከበበችው አሮጌዪቱ ከተማ ናት፤ ሁለተኛዪቱም ከቅጥሩ ውጭ የተሠራችው አዲሲቱ ከተማ ናት። ኢትዮጵያውያን በሁለቱም ዘንድ ርስት አላቸው። በአሮጌዪቱ ከተማ በጎልጎታ፥ በቅድስት እሌኒ የጸሎት ቤት ጣራ ላይ የዴር ሡልጣን ገዳም አለ፤ መነኮሳቱም ዝቅ ዝቅ ብለው በተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ይኖሩበታል። በአዲሲቱ ከተማ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ የቆመበትም መንገድ የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል። ከዚያው አቅራቢያ በነቢያት ጎዳና፥ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው ቤት የይሁዳን አንበሳ በግንባሩ ይዞ ቆሟል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ወደ ስደት ሲወጡ አስቀድመው ያረፉት በዚህች ከተማ ነበር። እንግዲህ በኢየሩሳሌም የአገር ቤት ስንቅ መፈለግ በእኛ አልተጀመረም።

ከደብረ ገነት ተነሥቶ ወደ ዴር ሡልጣን መውረድ ለደኅና ሂያጅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። በደማስቆ በር ገብተው በስተ ቀኝ ያለውን መንገድ ሲይዙ ኻን አል ዘይት የሚባለውን ጠባብ የገበያ መንገድ ያገኛሉ። ትርጓሜውም የዘይት ነጋዴዎች ማረፊያ ማለት ነው። በግራና በቀኝ ቅመሙ በጆንያ አፍ ላይ ተከምሮ፥ ዕጣኑ በሣጥን ተደርድሮ፥ ጥራ ጥሬው በየዓይነቱ ተሰጥቶ ይታያል። ከዚሁ መንገድ ላይ አንድ ደረጃ ወደ ዴር ሡልጣን ስለሚያወጣ፥ ተሳላሚው በየቀኑ ሳይወድ በግድ በገበያው መካከል ያልፋል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው የእንግሊዝ ቋንቋ ዋጋ ለመጠየቅ ረድቶናል፤ ዕቃውን ለማወቅ የረዳን ግን በቤተ ክርስቲያን የተማርነው ግዕዝ ነው። ወተትን ዐረቡ ሐሊብ፥ አይሁዳዊው ሐላብ ይለዋል፤ በግዕዝም ሐሊብ ነው። ሽንኵርትን ዐረቡ በሰል፥ አይሁዳዊው ባጻል ይለዋል፤ በግዕዝም በጸል ነው። ዳቦውን ዐረቡ ኹብዝ ሲለው የሰማ ካህን ኅብስት የሚለውን ያስታውሳል። ስለዚህ ከአገራችን የሚሄድ ሽማግሌ ደብተራ፥ ጆሮውን ከሰጠ፥ በዚያ ገበያ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

ከጥራ ጥሬ ወገን ምስሩ ዓደስ፥ ሽምብራው ሑሙስ፥ ባቄላው ፉል ይባላል፤ ሦስቱም ንጹሕና ብዙ ናቸው። ዔሳው ብኵርናውን የሸጠበት ወጥ የምስር መሆኑን በኦሪት ዘፍጥረት በ25ኛው ምዕራፍ የተማረ ሰው፥ በዚያ አገር ምስር መጥፋቱን አይፈራም። አብሹ ሒልባ፥ ድንብላሉ ኩዝበራ ይባላል። ጥቁር አዝሙድና ከሙን ነቢዩ ኢሳይያስ በ28ኛው ምዕራፍ በአንድነት የጠራቸው ናቸው፤ ዛሬም በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ጥቁሩን አዝሙድ አይሁድ እስከ አሁን ድረስ በዚያው በነቢዩ ቃል ቄጻሕ ይሉታል። ዳሩ ግን ከሙንን ነጭ አዝሙድ ነው ብለው የሚገዙ ተሳላሚዎች አሉና፥ ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ይገባል፤ አሽቶ ያሸተተ ሰው አይሳሳትም። ሰምና የሚሉት የተነጠረ ቅቤ ለፍስክ ጊዜ ደኅና ነው፤ ቅመም ስላልገባበት ግን ኮረሪማና ኮሰረት ጨምሮ እንደ ገና ማንጠር ያስፈልጋል።

የማይገኘውም እንዲህ ነው። ቀይ ሆኖ የተፈጨ ቃሪያ በየሱቁ አለ፤ ነገር ግን የእኛ በርበሬ ከነጭ ሽንኵርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ ከብዙ ቅመም ጋር የሚፈጭ ስለ ሆነ፥ መልኩን እንጂ ጣዕሙን አያገኙበትም። የሽምብራ ዱቄትም አለ፤ ሳይቈላ የተፈጨ ነውና ሽሮ አድርገው ቢሠሩት ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ኮረሪማ ለሚጠይቅ ሰው ነጋዴው ሄል ያቀርብለታል። ሄል ፍሬው ትንሽና አረንጓዴ ነው፤ ሽታውም ስለታም ነው፤ የእኛ ኮረሪማ ግን ፍሬው ትልቅ፥ ሽታውም ለስላሳ ነው። ወንድማማቾች ቢሆኑም አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም።

አሁን ወደ ቡናው ነገር እንመለስ። በአሮጌዪቱ ከተማ የቡና መቍያ ሱቆች በራቸው ላይ በዐረብ ፊደል ቡን ተብሎ ተጽፏል። ዐረቦች ፍሬውን ቡን፥ መጠጡን ቀህዋ ይሉታል። ኢትዮጵያዊ በዚያ ሲያልፍ ይህን ቃል ሰምቶ ቤቱ የደረሰ ይመስለዋል። የእነርሱ ሥርዓት ፍሬውን ቈልተው እጅግ አልመው ፈጭተው፥ ሄል ጨምረው፥ ረክዋ በሚባል እጀታው ረጅም በሆነ ማፍያ አፍልተው መጠጣት ነው። ስኳር የሌለው ሳዳ ይባላል፤ በልቅሶ ቤትም የሚቀርበው ይኸው መራራው ነው። አይሁድ በበኩላቸው ዱቄቱን በብርጭቆ አድርገው የፈላ ውሃ ያፈሱበትና አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቀው ይጠጡታል፤ ስሙንም ጭቃ ብለው በጨዋታ ይጠሩታል።

የዘላን ዐረቦች ለእንግዳ ሦስት ፍንጃል ያቀርባሉ፤ አንደኛው የእንግዳው፥ ሁለተኛው የደስታው፥ ሦስተኛው የሰይፉ ነው ይባላል። የሰይፉን የጠጣ እንግዳ ጠላት ቢመጣ ከባለ ቤቱ ጋር አብሮ ይቆማል ማለት ነው። የእኛም ቡና አቦል፥ ቶናና በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይወርዳል፤ እኛ ግን ሦስተኛውን የሰጠነው ለሰይፍ ሳይሆን ለበረከት ነው።

የቡና ታሪክም ከሃይማኖት ነገር የራቀ አይደለም። በ15ኛው ምዕተ ዓመት በየመን አገር የነበሩ የእስላም ሱፊዎች በሌሊት ጸሎት እንቅልፍን ለማራቅ ይጠጡት ነበር። በ1503 ዓ.ም.፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1511፥ የመካ ገዥ ኻይር በይ ቡና እንዳይጠጣ ከለከለ፤ ኋላ ከካይሮ በመጣ የሡልጣን ትእዛዝ ክልከላው ላላ። በእኛም አገር ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን ተነቅፎ ኖሮ፥ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ እየተለወጠ ሄደ። ከከፋ ዱር የወጣው ፍሬ በመካም በጎንደርም ተከሶ በመጨረሻው በሁለቱም ዘንድ ነፃ ወጣ።

እንግዲህ በኢየሩሳሌም ቡና ሞልቶ ሳለ ኢትዮጵያዊው «ቡና አጣሁ» የሚለው ስለ ምን ነው? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ በገበያው ከሚሸጠው ብዙው ከብራዚልና ከሌላ አገር የመጣ ነው። ሁለተኛ፥ ተፈጭቶ ስለሚሸጥ ሽታው በጥቂት ቀን ይበናል። ሦስተኛ፥ ሄል ተቀላቅሎበታል። በአዲሲቱ ከተማ በሚገኙ ያማሩ ሱቆች ግን የኢትዮጵያ፥ የሲዳሞ ወይም የሐረር የሚል ጽሕፈት ያለበት ከረጢት ይገኛል። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ ደስ ብሎት ይገዛል፤ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ግን ፍሬው ጠቍሮ፥ ቅባቱ በላዩ ወጥቶ፥ ከሰል ከሰል ይሸታል። ስሙ የእኛ ነው፤ አቈላሉ ግን የእኛ አይደለም።

የእኛ ሥራ የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነውና፥ በስም ብቻ የቀረበ ነገር እንደማይረታ እናውቃለን። ቡናም በሦስት ምስክር ይገዛ። እነዚህም ዓይን፥ አፍንጫና ጥርስ ናቸው። ጥሬውን ፍሬ በመዳፍ ላይ ዘርግቶ ማየት ይገባል። የይርጋ ጨፌው ታጥቦ የደረቀ ስለ ሆነ ትንሽና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ የሐረሩ በጀንፈሉ በፀሐይ የደረቀ ስለ ሆነ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ነጥቶ የደበዘዘ ያረጀ ነው፤ ጥቍር ፍሬ የበዛበትም ያልተለቀመ ነው። ቀጥሎ በአፍንጫ ይሸተት፤ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ካለው ሻግቷል። በመጨረሻ በጥርስ ይነከስ፤ ደኅናው ደረቅ ስለ ሆነ ይጠነክራል፤ ጥርስ የሰረጐደው ግን እርጥበት አለበት። እነዚህ ሦስቱ ሊመሰክሩ የሚችሉት ፍሬው ጥሬ ሲሆን ነውና፥ በዐረብ ገበያ ጥሬውን ለማግኘት ቡን አኽደር ብሎ መጠየቅ ነው፤ ይኸውም አረንጓዴ ቡና ማለት ነው።

ይህ ምክር ከምን እንደ መጣ ለማስረዳት በዚያው ጾም የሆነውን እንጽፋለን። በአንድ ማረፊያ ከእኛ ጋር የነበሩ ከወገራ የመጡ አንዲት ባልቴት አንድ ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሞቶባቸው ነበር። ልጁ የመድኃኔ ዓለምን ማኅበር የሚጠጣ፥ ተራውንም አስታጕሎ የማያውቅ ነበርና፥ ባልቴቲቱ «ዘንድሮ መጋቢት 27 ቀን በእርሱ ፈንታ እኔ በጎልጎታ እዘክራለሁ» ብለው ተስለው መጡ። ለዝክሩ ይዘውት የመጡት ቡና በአገር ቤት ተቈልቶ የተወቀጠ ስለ ነበር፥ ወር ሳይሞላው ሽታው ጠፋ። ከኻን አል ዘይት የተገዛውን ቀመሱና ሲኒውን አስቀምጠው «ይህስ መድኃኒት ነው እንጂ ቡና አይደለም፤ በልጄ ስም ይህን አላጠጣም» አሉ። ከአዲሲቱ ከተማ የኢትዮጵያ ስም ያለበት ከረጢት ተገዝቶ ቢቀርብላቸው ሽታውን ብቻ አይተው መለሱት። ዓርብ የመድኃኔ ዓለም ቀን ነው፤ ረቡዕ ማታ ድረስ ቡና አልተገኘም።

በኢየሩሳሌምና በሌሎቹ የእስራኤል ከተሞች የቤተ እስራኤል ወገኖች ሱቆች እንዳሉ የታወቀ ነው። እነዚህ ወገኖቻችን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወደ 8,000 የሚጠጉት፥ በ1983 ዓ.ም. በግንቦት 16ና 17 ቀን ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን ወደዚያ አገር የገቡ ናቸው። ሐሙስ ጧት ባልቴቲቱን ይዘን በያፎ ጎዳና አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ገባን። ባለ ሱቋ ወደ ስድሳ ዓመት የምትጠጋ ሴት ነበረች።

«እሜቴ፥ ከወዴት አገር ነዎት?» አለቻቸው።

«ከወገራ ነኝ፥ ልጄ።»

«ከወገራ ከየትኛው?»

ባልቴቲቱ የአጥቢያቸውን ስም ነገሯት። ባለ ሱቋ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፥ «በእናንተ ገበያ ከእናቴ ጋር ሸክላ ይዘን እንወጣ ነበር። ያን ጊዜ እኛ ከቤታችሁ አንገባም፤ እናንተም በእኛ ዋንጫ አትጠጡም ነበር» አለች።

ባልቴቲቱም «እውነት ነው። ውሃውን ግን ዕድሜ ልካችንን የጠጣነው እናትሽ በሠራችው እንስራ ነው» ብለው መለሱላት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለዚህ ነገር አልተናገሩም። ባለ ሱቋ ከታችኛው መደርደሪያ ከረጢት አወጣችና ጥሬውን ቡና በሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። ባልቴቲቱ አዩት፤ አሸተቱት፤ አንዱን ፍሬ በቀረቻቸው ጥርስ ነከሱት። «ይህ የሐረር ነው፤ ደኅና ነው» አሉ። ሁለት ኪሎ ተመዘነ፤ ዋጋውም ሳይጐድል ተከፈለ። ባለ ሱቋ ግን ወደ በሩ ወጥታ በማሰሮ ከተከለችው ጤና አዳም አንድ እፍኝ ቈርጣ በላዩ አኖረችና፥ «ነገ ሰንበት ስለሚገባ ቀትር ላይ እዘጋለሁ፤ የጐደለ ነገር ካለ ከዚያ በፊት ይምጡ» አለቻቸው። ጤና አዳም በሉቃስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ ከአሥራት ጋር የተጠራ ቅጠል ነው፤ በዚያ አገር ኮረብታዎችም ይበቅላል።

ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በዴር ሡልጣን ዳቦው ተባርኮ ተቈረሰ፤ ከኻን አል ዘይት ከተገዛው ስንዴና ሽምብራ የተቀቀለው ንፍሮም ታደለ። ባልቴቲቱ ቡናውን በገዛ እጃቸው ቈሉ። ጢሱ በጣራው ላይ ሲሄድ፥ በግድግዳው ጥላ ተቀምጠው የነበሩ ተሳላሚዎች ሳይጠሩ ተነሥተው ቀረቡ። አንድ አረጋዊ መነኵሴ «እኔ በተማርኩበት ደብር ካህን ቡና አይጠጣም ነበር» ብለው ሲኒውን አልተቀበሉም፤ ንፍሮውን ግን ቀምሰው ቡናውን ባረኩ፤ በረካው እስኪወርድም ድረስ ከማኅበሩ ጋር ተቀምጠው ቆዩ። በበረካው ላይ ባልቴቲቱ የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠሩ፤ ማኅበረተኛውም ሁሉ «ነፍስ ይማር» አለ።

በኢየሩሳሌም ገበያ የሚወጣ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ማወቅ አለበት። ዓርብ በቀትር ጸሎት ሰዓት ከእስላሞች ሱቅ ብዙው ይዘጋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ የአይሁድ ሱቅ አይከፈትም። እሑድ ደግሞ ከክርስቲያኖቹ ብዙዎቹ ይዘጋሉ። ስለዚህ የሳምንቱ ስንቅ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ቢገዛ ይሻላል። ከዚህም ሌላ በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ከሱቆቻቸው እርሾ የገባበት ዳቦ አይሸጥም፤ ትላልቆቹ መደብሮችም የዳቦውንና የዱቄቱን መደርደሪያ በመጋረጃ ይሸፍኑታል። በ2011 ዓ.ም. ይህ በዓል ከሚያዝያ 11 ቀን ማታ ጀምሮ ስለ ዋለ ከእኛ የሕማማት ሳምንት ጋር ተገናኘ፤ ነገሩን ያላወቁ ተሳላሚዎችም በአዲሲቱ ከተማ ዳቦ ፈልገው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዳቦ በዚያ ሳምንት በደማስቆ በር ውስጥ እንደ ወትሮው ይገኛል።

ስለ ጤፍም ጥቂት እንጨምር። መንግሥት በ1998 ዓ.ም. የጤፍ እህልና ዱቄት ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ ከለከለ፤ የተጋገረው እንጀራ ግን አልተከለከለም ነበር። በእስራኤል አገር ጤፍ ይዘራል፤ የተጋገረውም እንጀራ በቤተ እስራኤል ሱቆች ይሸጣል። በቤት ለሚጋግሩ ሴቶች የምንነግረው፥ ኢየሩሳሌም በተራራ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች በክረምቷ ብርዱ ብርቱ ነውና፥ ሊጡ እስኪቦካ አንድ ቀን ተጨማሪ መታገሥ እንደሚያስፈልግ ነው።

ለቡናው የሚያስፈልገው ዕቃም አስቀድሞ ይታሰብ። የሸክላ ጀበና በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በድንገት ቢጣድ ይሰነጠቃልና፥ የጋዝ እሳት በሌለበት ቤት ከሸክላው ይልቅ የዐረቦቹ ረክዋ ይሻላል። በዛሬ ዘመን ማረፊያ ቤቶች ጣራ ላይ ጢስ ሲሸተው የሚጮኽ ደወል ይሰቀላል፤ ስለዚህ ቡናን በክፍል ውስጥ መቍላት ቤቱን ሁሉ ማሸበር ነው፤ በሰገነት ወይም በግቢ መቍላት ይገባል። የከተማይቱ ውሃ ወፍራም ነው፤ ጀበናው ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ በሎሚ ጭማቂ አፍልቶ ማጠብ ያነጻዋል።

በመጨረሻ በአገር ቤት ሆነው ስንቅ ለሚያሰናዱ እመቤቶች ይህን እናሳስባለን። ተጓዥ የሚይዘው ጓዝ በሚዛን የተወሰነ ነውና በዚያ አገር በሚሞላ ነገር አትጫኑት። ምስር፥ ሽምብራ፥ ባቄላ፥ አብሽ፥ ጥቁር አዝሙድ፥ ዕጣንም ከዚያው ይገኛል። ይልቁንስ በርበሬ፥ ሽሮ፥ ኮረሪማና ኮሰረት ደኅና አድርጋችሁ አድርቃችሁ፥ በድርብ ከረጢት አሽጋችሁ ስጡት። ትኩስ ቅጠል፥ ሥጋና የወተት ነገር በጉምሩክ ስለሚያዝ አይላክ። ተጓዥ ከአገራችን ይዞ የሚወጣው የቡና መጠንም በሕግ የተወሰነ ነውና፥ ጓዙ ሳይታሰር የጉምሩክን ሹም መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተፈቀደው መጠን ውስጥ ግን ተወቅጦ የሚላከውን አሳንሱት፤ የተወቀጠ ቡና ለመንገድ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ የሚቀመጠው ሰው ጥሬውን በዚያው አገር በዓይኑ፥ በአፍንጫውና በጥርሱ መርምሮ ይግዛ፤ ደረቅ ቦታ ካኖረው ብዙ ወር ይቈይለታል፤ በሚፈልግበትም ቀን ቈልቶ ጎረቤቱን ይጥራ።